በግራ መስኮት ያየሁት ሹፌር

ከዚህ በታች የጻፍኩት ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ነጥብ፣ እውነት ነው። በእናቴ አፅም፣ በልጆቼ ዕድሜ ምያለሁ። መሐላው አይበቃኝም የሚል ካለ ሀርጌሳ ይምጣና ኮድቡር የሚባለው ሰፈራችን ወርዶ አስማማው የሚባለው ኢትዮጵያዊ የቱ ነው ብሎ ይጠይቅ፤ ከፍየሉ እስከ ሽማግሌው እጁን ይዞ ደጄ ድረስ ያደርሰዋል። ብዕር ያነሳሁት ወድጄ አይደለም። ቢሯችን ውስጥ ይህንኑ ነገር በሌላ መልክ እየቀባቡ፣ ሻይ እየጠጡ የሚስቁ ሰዎች ስላሉ ነው። እነሱ በቦታው አልነበሩም። እኔ ነበርኩ።

ለማያውቀኝ፣ በአንድ የእርዳታ ድርጅት የሀርጌሳ ቢሮ የሎጂስቲክስ ኃላፊ ነኝ። ሎጂስቲክስ ማለት እህሉም፣ ድንኳኑም፣ ነዳጁም ያለ እኔ ፊርማ ከቦታው ንቅንቅ አይልም ማለት ነው። እኔ አንድ ቀን ጉንፋን ቢይዘኝ የአፍሪካ ቀንድ ግማሹ ጾሙን ያድራል። ስለ መኪና ደግሞ ባታነሱብኝ ይሻላል። ከሞያሌ እስከ መተማ ያልነዳሁበት መንገድ የለም፤ ሞተር ሲያስነጥሰው ሰምቼ ምን እንደጎደለው እናገራለሁ። እዚህ ከመጣሁ ገና ዓመት ቢያልፈኝም ሀርጌሳን ራሷን ከምታውቀው በላይ አውቄያታለሁ። እርግጥ ነው፣ ብዙውን ጊዜ የምንቀሳቀሰው በቢሯችን ላንድክሩዘር ነው። ትልቅ መኪና ናት፤ መሪዋ እንደ አገራችን በግራ፣ ሹፌሯም ጨዋ።

ያን ዕለት ጠዋት ግን ላንድክሩዘሯ እንግዳ ልትቀበል አየር ማረፊያ ሄዳ ነበር። ስለዚህ ወደ ቢሮ የሚወስደኝ ኢዘዲን ነው። ኢዘዲን የድሬዳዋ ልጅ ነው፣ ኮድቡር ውስጥ የሰው ባጃጅ ይነዳል። ሚስቱ ጣይባ ከቤቴ ጥቂት በሮች አለፍ ብላ የሕፃናት ልብስ ትሸጣለች። ጸባዩ ሰው ሊያምነው ከሚችለው በላይ ነው፤ ሌሎቹ ባጃጆች ጥሩምባ እንጂ ፍሬን እንደሌላቸው ሁሉ ሲከንፉ፣ እሱ ፍየል እንኳ አሳልፎ ነው የሚሄደው። ከኸድር ፀጉር ቤት ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ እኔን ይጠብቃል። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜያለሁ። ቆሜያለሁ ነው የምላችሁ፤ ይህ በኋላ ስለሚነሳ ከወዲሁ ይያዝልኝ።

26 ጁን ከሚባለው ሰፈር አቅጣጫ ነጭ ቪትዝ መጣች። መጣች የሚለው ቃል አይገልጸውም። ቪትዝን ታውቋታላችሁ፣ ሁለት ወፈር ያለ ሰው ሲሳፈርባት የምታቃስት ሚጢጢ መኪና ናት። ያን ጠዋት አውሮፕላን ነበረች። ሁለት መቶ ትሄዳለች። የቪትዝ ቆጣሪ እስከዚያ አይደርስም የሚለኝ ዐዋቂ አይጠፋም፤ ቆጣሪውን አልፋው ሄዳለች እላለሁ። አቧራው ፀሐይዋን ጋረዳት። ፍየሎች ግድግዳ ላይ ወጡ። ከዚያም ያ የቆመ ባጃጅ፣ ያ ማንንም ያልነካ ባጃጅ፣ ከጎኑ ተመትቶ ወደ ላይ ተነሳ፤ የሻይ ቤቱን ቆርቆሮ በእጅ ስንዝር ያህል ስቶ ተመልሶ ወደቀ። የኢዘዲን እግር ከሥሩ ቀረ።

እኔ ምን አደረግኩ? በአንድ ዝላይ አስፋልቱ መሃል ነበርኩ። ባጃጇን በአንድ እጄ ቀና አደረግኳት፤ በሌላው እጄ ኢዘዲንን ሳብኩት። ከየት እንደመጣ ፈጣሪ የሚያውቀው ነጭ ጨርቅ እጄ ላይ ተገኘ፤ እሱን ቀድጄ እግሩን አሰርኩለት። "ጋሼ፣ ባጃጇስ?" አለኝ። የገዛ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ የሚጠይቀኝ ስለ ባጃጇ ነው። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ።

ቀና ስል ሹፌሩን አየሁት። በግራው መስኮት፣ ፊት ለፊት፣ ዓይን ለዓይን። ፂሙን በሂና ያቀላ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ ነው። አንዱ ጉንጩ በጫት ብዛት እንደ ብርቱካን አብጧል። እጁ ጆሮው ጋ ነው፤ በስልክ እያወራ ነዋ። ሰው ገጭቶ ስልኩን አልዘጋም። ከወዲያኛው በር ደግሞ ሻኪር የሚባል ልጁ ዘሎ ወርዶ፣ ጠበቃ ይመስል እየጮኸ፣ ባጃጁ ድንገት ገባብን፣ ባጃጁ ድንገት ገባብን ይላል። ሽማግሌው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከመኪናውም አልወረደ። እንደተቀመጠ አየኝ። እኔም አየሁት። ያቺን አስተያየት ዕድሜ ልኬን አልረሳትም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ፤ ፍቀዱልኝ።

ብረት ከብረት ይጋጫል፣ እሱ የትም አገር ያለ ነው። እኔን ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። መንገዱ ዳርና ዳር ሰው ሞልቶ ነበር። ሻይ ቤቱ ደጃፍ ያሉት ሁሉ ፊታቸው ወደ አስፋልቱ ነው። ፖሊሱ መጥቶ ማን አየ ብሎ ሲጠይቅ፣ ያ ሁሉ ዓይን ምን እንደዋጠው እንጃ። ሻይ የምታፈላዋ ሴትዮ ወደ ማንቆርቆሪያዋ ዞረች። አንዱ ሽርጡን ማስተካከል ጀመረ። ሌላው ሰማይ ሰማይ ያያል፣ ዝናብ እንደሚጠብቅ ገበሬ። ሻኪር ብቻ ይናገራል፣ ፖሊሱም የሚናገረውን ይሰማል፤ ሌላ ማንን ይስማ? ባጃጇም ቪትዟም ተጎትተው ወደ ፖሊስ ግቢ ሄዱ። ኢዘዲን ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። እኔ ልናገር ብል የፖሊሱ አማርኛ የእኔን ሶማሊኛ ያህል ነው፤ እኔ ደግሞ ሶማሊኛ የማውቀው ዋጋ ለማስቀነስ የምትሆነዋን ብቻ ነው።

ወደ ኸድር ዞርኩ። ኸድር የጅጅጋ ልጅ ነው፣ ሁለቱንም ቋንቋ እንደ ውሃ ይጠጣዋል።

"ኸድር፣ አንተ አይተሃል። ሂድና ንገረው" አልኩት።

"እኔ ያየሁት ምላጬን ነው ጋሼ።"

"በርህ ላይ እኮ ነው የተገጨው።"

"በሩ ያለው ከጀርባዬ ነው። የዚህ ቤት አከራይ ደግሞ ከነዚህ ሰዎች ጋር አንድ ጎሳ ነው። ነገ ቁልፌን መልስ ቢለኝ ወንበሬን ተሸክሜ የት ልግባ?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ግን እርስዎስ ቢሆኑ እንዴት አዩት? በዚያች ሰዓት እኮ እርስዎ…"

"በቃ ዝም በል" አልኩት። ፈሪ ሰው ሲያወራ ጆሮዬን ያሳክከኛል።

ቢሮ ስገባ ሰው ሁሉ ፊቴን አፍጥጦ አየኝ። በተለይ ግራ ጉንጬን። ዘበኛው ሳይቀር ሰላምታውን አቋርጦ አየኝ። ሰው ሞትን ፊት ለፊት ተጋፍጦ ሲመጣ መልኩ ይለወጣል መሰለኝ። ማንም ምንም አላለኝም፤ አክብሮት ነው።

ዮፍታሔ ብቻ ተከትሎኝ ገባና በሩን ዘጋ። ዮፍታሔ የሴኩሪቲ ኦፊሰራችን ነው፤ ዕድሜው ከእኔ ልጆች ብዙም አይርቅም፣ ጥላውን ግን ከእኔ በላይ ይፈራል።

"ጋሽ አስማማው፣ ሰማሁ። እንኳን አተረፈዎት። ፖሊሲያችንን ግን ያውቁታል፤ በአካባቢው ሰው ጉዳይ አንገባም።"

"ኢዘዲን የአካባቢው ሰው ሆኖ ነው? የድሬ ልጅ ነው።"

"የኛ ስታፍ አይደለም።"

"እኔን ቆሞ ሲጠብቅ ነው የተገጨው።"

ወደ ተዘጋው በር ገልመጥ አለ። "እሱን ለማንም አልተናገሩም አይደል?"

ስሙት እንግዲህ። ሰው እግሩ ተሰብሮ ተኝቷል፣ ይህ የሚያስበው ስለ ወሬው ነው። መናገሬን ልነግረው አፌን ስከፍት ቀጠለ፣ "ይህ ነገር ወደ ሽማግሌ ነው የሚሄደው። እነሱ ወገን አላቸው። ነገ እርስዎ ቆመው በአንድ ትልቅ ሰው ላይ ቢመሰክሩ፣ ከነገ ወዲያ በራችን ላይ ቢሰለፉ ማን ይመልሳቸዋል? የመኪናችን ታርጋ ይታወቃል። የእርስዎም ቤት ይታወቃል።"

"ቤቴማ ይታወቃል። እኔን የማያውቅ ማን አለ?"

"እኔም የምለው እሱን ነው" አለና ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ፣ "ደግሞ ያቺን ግራ ጉንጭዎን አንድ ነገር ያድርጓት" አለኝ። ምን ለማለት እንደሆነ አልገባኝም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬን ዘጋሁ። ከፍርሃት እንዳይመስላችሁ፤ ጦር ሜዳ ላይ ያለ አዛዥም አንዳንዴ ሬዲዮውን ይዘጋል። ወደ ቤት ስመለስም በጣይባ ሱቅ በኩል አልሄድኩም፤ በደረቁ ወንዝ ዞሬ በጓሮ ገባሁ፤ ለጤና ጥሩ ነው፣ እግር ያፍታታል። በማግስቱም እንዲሁ እግሬን አፍታታሁ። እግሬ እንደዚያ ሳምንት ተፍታትቶ አያውቅም።

ጣይባ ግን ራሷ መጣች። አርብ ከሰዓት፣ ደጄ ላይ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ቆመች። ግቢ ብላት አልገባ አለች።

"ኢዘዲን እንዴት ነው?" አልኳት።

"አልሃምዱሊላህ፣ አለ። እግሩ በጄሶ ነው።" ከዚያ አንድም ቃል ሳታጣፍጥ ነገረችኝ። "እሁድ ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ። ልጁ ባጃጁ ድንገት ገባብኝ ብሎ ለፖሊስ ተናግሯል። ሽማግሌዎቹ ያን ካጸኑት ጥፋቱ የኢዘዲን ይሆናል። ባለቤቱ ባጃጇን ይወስዳታል፣ ፈቃዱም ይነጠቃል። ከዚያ በኋላ እዚህ የሚያኖረን ነገር የለም፤ የቶጎ ውጫሌን ድንበር ተሻግሮ መመለስ ነው፣ ያውም በክራንች። ምንም አልፈልግም ጋሼ። ባጃጇ ቆማ ነበር የሚል አንድ ሰው ብቻ ነው የምፈልገው።"

"ሌላ ሰው ጠየቅሽ?"

"ሁሉን ጠየቅኩ። ሁሉም ዱዓ አደርግልሻለሁ ይሉኛል።" ሻሽዋን አስተካከለች። "እነሱ ሽማግሌዎቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። የናንተስ ወገን የት ነው ብለው ሲጠይቁኝ ምን ልበል? እዚህ እኛ ጎሳ የለንም።"

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እስቲ ፍረዱ። አንድ ሰው እኔን ሊያደርስ መንገድ ዳር ይቆማል፣ አንዱ ጉንጩን በጫት ወጥሮ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ መጥቶ ይደመስሰዋል፤ ከዚያ ወገን የለህም ተብሎ ጥፋተኛው እሱ ይሆናል። ይህ በየትኛው ሚዛን ነው? ዮፍታሔም፣ ፖሊሲውም፣ ታርጋውም ከዓይኔ ጠፉ።

"ጎሳ አለሽ" አልኳት። "እኔ ነኝ።"

አለቀሰች ብል ደስ ይለኝ ነበር። አላለቀሰችም። ቆማ አየችኝና፣ "አላህ ያክብርዎ ጋሼ። ግን ያዩትን ብቻ ይናገሩልኝ" አለች። "ቆማ ነበር፣ መኪናዋ መጥታ መታቻት፣ በቃ። ምንም አይጨምሩበት። ወላሂ እውነቱ ይበቃናል።"

"እኔ መቼ ጨምሬ አውቃለሁ?"

መሬት መሬት አየች።

እሁድ ከሻይ ቤቱ ጀርባ፣ ከአንድ ሰፊ ግራር ሥር፣ የፕላስቲክ ወንበሮች በክብ ተደርድረው ጠበቁን። በአንድ በኩል ሽርጣቸውን አሸንፍጠው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው መሃል ተክለው የተቀመጡ ሽማግሌዎች። በሌላው በኩል እኛ፤ ኢዘዲን ጄሶ ያለበትን እግሩን ሌላ ወንበር ላይ ዘርግቶ፣ ጣይባ ከጎኑ ቆማ፣ እኔ በሙሉ ልብስና በከረባት። ሻኪር ከአባቱ ጎን ነው። አባትየው ዓብዲራሺድ ይባላሉ አሉኝ፤ የግመል ነጋዴ የነበሩ፣ ከተማው የሚያከብራቸው ሰው። ወዲያው አወቅኳቸው። ያው ሂና ፂም፣ ያው ነጭ ኮፍያ። ጉንጫቸው ግን ያን ቀን አላበጠም፤ ለሽምግልና ሲመጡ ጫቱን ተፍተውት ይሆናል አልኩ በልቤ። ወንበራቸውን ከሌሎቹ ትንሽ ወደ ኋላ ስበው፣ የበትራቸውን ጫፍ ያያሉ።

ጣይባ ታስተረጉማለች። ዋናው ሽማግሌ መጀመሪያ የጠየቁት እሷ እንደፈራችው ነው፤ ወገናችሁ ማን ነው አሉ።

"ከመቶ ሃያ ሚሊዮን በላይ ነን በያቸው" አልኳት። "ሁሉም ልምጣ ብሎ ነበር፣ ወንበር አይበቃም ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ።"

ጣይባ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ ሦስት ቃል ብትናገር ነው። ከሦስቱ አንዷን አውቃታለሁ፣ ማርቲ የምትለዋን፤ እንግዳ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሶማሊኛ እንዲህ አጭር ቋንቋ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ሻኪር ተነስቶ ተናገረ። ባጃጁ ከዳር ድንገት ወደ አስፋልት ገባብኝ አለ። ፈጥነህ ነበር ወይ ቢሉት፣ አልፈጠንኩም አለ። ደግሞ አባቱን ሳያይ ነው የሚናገረው። ቀጥሎ እኔ ተጠራሁ።

ተነሳሁ። ከረባቴን አስተካከልኩ። እውነቱን ነው የነገርኳቸው፤ ግን እውነት ራቁቷን አትወጣም፣ አልብሼ አወጣኋት። ቪትዟ ከሁለት መቶ ሃምሳ በላይ እንደነበረች ነገርኳቸው። ጎማዎቿ መሬት አልነኩም አልኩ። ባጃጇ ከግራሩ በላይ ተነስታ እንደነበር፣ በአየር ላይ ሁለት ጊዜ እንደዞረች፣ እኔ ከሥሯ ገብቼ በትከሻዬ ተቀብዬ ቀስ አድርጌ እንዳወረድኳት። በእጄ እያሳየሁ ነው። ጣይባ በየመሃሉ አጭር አጭር ነገር ትላለች። ኢዘዲን ዓይኑን ዓይኔ ላይ ተክሎ ራሱን በቀስታ ይነቀንቃል፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ። ሕመሙ መሰለኝ።

"ጋሼ፣ በአላህ" አለች ጣይባ በአማርኛ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። "ቆማ ነበር ይበሉና ይቀመጡ።"

"ቆማ ነበር" አልኩ። "እኔ ደግሞ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ሹፌሩ ግን ምን ላይ ነበር? ሹፌሩ አንድ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ በስልክ ያወራል። ጉንጩን በጫት ወጥሯል። ገጭቶን እንኳ ከመኪናው አልወረደም፣ በመስኮቱ ያየኝ ነበር።"

ዋናው ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። ጣይባ ፊቷ ልውጥ እያለ ተረጎመችልኝ። "ሹፌሩን ካየኸው የትኛው ነው፣ አሳየን ይላሉ።"

ያቺን ሰዓት ነበር የምጠብቃት። ክንዴን ዘርግቼ፣ ጣቴን አቅንቼ ዓብዲራሺድን አሳየሁ።

የሻይ ቤቷ ማንቆርቆሪያ ሲንተከተክ ይሰማል። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ፣ ከዚያ ክቡ በሙሉ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ሻኪር ከሁሉም አብልጦ ሳቀ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ጭንቀት ተራግፎ ሲወድቅ አየሁት። አንዱ እንባውን እየጠረገ የተናገረውን ጣይባ ነገረችኝ፣ "በዚያ ጠዋት ጫት ከየት አመጣ? የዕለቱ ጫት ቀትር ሳይሆን ከተማ አይገባም ይላሉ።" ሌላው ቀጠለ፣ "እኚህ ሰው መሪ ነክተው አያውቁም፣ ግመል እንጂ።" በመጨረሻ ዋናው ሽማግሌ በትራቸውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ መቱ፤ ሳቁ ቆመ። የተናገሩትን ጣይባ ለመተርጎም ጊዜ ወሰደባት።

"ሹፌሩን ያላወቀ ሰው ባጃጇ መቆሟን በምን ያውቃል ይላሉ። ምስክርነቱ አይያዝም። ሌላ ሰው ካላችሁ አምጡ፤ ከሌላችሁ የልጁ ቃል ይጸናል።"

ሌላ ሰው አልነበረንም። ኢዘዲን ዓይኑን ጨፈነ። የጣይባ እጅ ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ተንሸራቶ ወረደ። እኔ ጣቴን ገና አላጠፍኩም። በዚህ ዓይኔ እኮ ነው ያየሁት። በግራ መስኮት፣ ሹፌር በሚቀመጥበት መስኮት። ከዚህ በላይ ምን ማየት አለ? የዚያን ዓይነት ንዴት ተናድጄ አላውቅም።

ያን ጊዜ ዓብዲራሺድ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው አጠር ያለ ነገር በሶማሊኛ አሉ፤ ጣይባ አፏን ከፈተች፣ ግን አልተረጎመችም። ሻኪር አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸው በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ የሚናገሩትም በአማርኛ ነበር።

"ለእነሱ የነገርኳቸውን ለእርስዎም ልንገርዎት። አማርኛዬ አርጅቷል፣ ይቅርታ። በጦርነቱ ጊዜ ሐርተሼክ ካምፕ ስደተኛ ሆኜ፣ ኋላም ጅጅጋ ስሠራ የተማርኩት ነው። ይህች ልጅ ያሳጠረችልዎትን ሁሉ ሙሉውን ሰምቻለሁ።

እዚህ መኪና በቀኝ ይሄዳል፣ እንደናንተው። ግን አብዛኛው መኪና ከጃፓን ነው የሚመጣው፣ መሪው በቀኝ ነው። በግራ የሚቀመጠው ተሳፋሪ ነው። እናንተ ኢትዮጵያውያን መጀመሪያ ሁላችሁም ትሳሳታላችሁ፣ እንግዶቼ እንኳ ሁልጊዜ በሹፌሩ በር ልግባ ይላሉ። በግራ መስኮት ያዩት እኔን ነው። ስልክ አልያዝኩም። ጥርሴን አሞኝ ጉንጬ አብጦ፣ በእጄ ደግፌው ነበር። ልጄ ወደ ሐኪም እየወሰደኝ ነው። መንዳት አልችልም።

ዛሬ የመጣሁት ዝም ልል ነው። ልጄ ነው፣ ምን ላድርግ? እርስዎ ግን መሪ አስጨበጡኝ። አሁን ዝም ካልኩ ሁለታችንም ዋሽተን ልንሄድ ነው። ሻኪር ነው የሚነዳው። ስልኩን እያየ ነበር፣ ቀስ በል ብዬዋለሁ። ሁለት መቶ አይደለም፤ ግን ከሚገባው በላይ ነው። ባጃጇ ቆማ ነበር። ሞተሯም አይሠራም ነበር። በጎኗ ወደቀች እንጂ ወደ ላይ አልተነሳችም። ያነሷትም የሻይ ቤቱ ሰዎች ናቸው፣ አራት ሆነው። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ለሽማግሌዎቹ ነግሬያቸዋለሁ፤ ባጃጇም ትመለሳለች፣ እግሩም በእኛ ነው።

እርስዎ ደጃፍ ላይ አልነበሩም። ድምፁ ከተሰማ በኋላ ነው ከፀጉር ቤቱ ሮጠው የወጡት። ግራ ጉንጭዎ ላይ የሳሙና አረፋ ነበረ፣ አንገትዎ ላይ የፀጉር ቤቱ ነጭ ጨርቅ። ሌላው ሁሉ ቆሞ ሲያይ ያንን ጨርቅ አውልቀው የዚህን ልጅ እግር ያሰሩት እርስዎ ነዎት። ስለዚያ አላህ ይስጥዎት። ደግ ሰው ነዎት።

ግን ምንም አላዩም።"